አክስቴና ሞዴል 19

እኔ ከሆስፒታል ኮሪደር ነው የመጣሁት። አይዟችሁ፣ የታመምኩት እኔ አይደለሁም። አክስቴ ናት። እሷም ድና ቤቷ ገብታለች። እኔ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ያየሁት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። ስለዚህ ዛሬ ለእናንተ ላራግፈው ነው።

አክስቴ የማሻ ሰው ናት። ማሻ ስል ሐሳባችሁ ወደ ሸካ የሄደ ተመለሱ! የኛ ማሻ በመካነ ሰላም በኩል ያለችው፣ የደቡብ ወሎ የምዕራቡ ደጋ ላይ፣ ዓባይ ከጎጃም የሚለየን አገር ናት። (አዲስ አበባ ውስጥ ይህንን ሳስረዳ ያጠፋሁትን ጊዜ ብደምረው ሁለተኛ ዲግሪ ይወጣው ነበር።)

አንድ ሌሊት ሆዷ ተነፍቶ፣ ቁርጠት ይዟት ስትቃትት አደረች። ነጋ አልነጋ የጎረቤት ጎልማሶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ሁለት አጣና፣ መሀሉ በጠፍር የተወጠረ፣ ጋቢ የተነጠፈበት። ዳገትና ቁልቁለት እየተፈራረቁ መኪና የሚገባበት ድረስ በትከሻ ወረደች። የአክስቴ ልጅ መንገዱን ሲያጫውተኝ የነገረኝን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ተሸካሚዎቹ የሚቀያየሩት ሳይቆሙ ነው። ተረካቢው ትከሻውን ከአጣናው ስር ያስገባና "ያዝኩት" ይላል። "ያዝኩት" ሳይባል የሚለቅ የለም። ቃሬዛው መሬት አይነካም።

ጤና ጣቢያ ደረሱ። እዚያ ያገኟት ባለሙያ "አንጀቷ ሳይጠማዘዝ አልቀረም" ብሎ ጠረጠረ። ሪፈር ጻፈላት። መኪና ተገኘና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ከተማውንም አልናገርም። ለምን እንደሆነ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል። እኔም በሌሊቱ ስልክ ተደናግጬ ከአዲስ አበባ ተነስቼ እዚያው ደረስኩባቸው።

ሰባቷ ሰዓት

ሆስፒታሉ የገባነው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባችው ከምሽቱ 3 ሰዓት። መሀሉ 7 ሰዓት ነው። የጋዜጠኝነት ምሩቅ ነኝና ጭንቀቴን የማስታግሰው በመጻፍ ነው። ማስታወሻዬን አውጥቼ ደቂቃ መመዝገብ ጀመርኩ።

ነርሷ ደም ቀዳች። ጎበዝ ናት፣ አንዴ ወግታ አገኘችው። ብልቃጡን ትሪ ላይ አስቀመጠችና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደች። ላብራቶሪው ናሙና እየጠበቀ ነው። ብልቃጡ የሚያደርሰውን እየጠበቀ ነው። የሚያደርሰው ማን ነው? አስታማሚው። አስታማሚው የት ነው? ካርድ ክፍል ተሰልፏል። ያውም የተሰለፈው የተሳሳተ መስኮት ላይ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ደግሞ የደም ውጤቱን እየጠበቀ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሐኪሙን እየጠበቀ ነው።

ልብ በሉ፣ ያልሠራ ሰው የለም! ሁሉም በየክፍሉ ላብ በላብ ሆኖ ይሠራል። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ብትገመግሟቸው ሁሉም ያልፋሉ። የወደቀችው በክፍሎቹ መሀል የነበረችው አክስቴ ብቻ ናት።

የሚያንገበግበኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ያ የሪፈር ወረቀት፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ጥርጣሬውን በግልጽ የጻፈበት፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የአክስቴ ልጅ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። አንደኛው ሐኪም ሌላው አንብቦታል ብሎ አሰበ። ሌላውም እንዲሁ። ልጁም ከመስኮት ወደ መስኮት ሲሮጥ የሚጠይቀው ጠፋ። ከሦስት ሰዓት በላይ በኋላ "ወረቀት አልያዛችሁም?" ያለው አንድ ደክሞት ግድግዳ የተደገፈ ኢንተርን ነው። ወረቀቱን አይቶ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ።

አክስቴ ተረፈች። ከአንጀቷ የተወሰነው ተቆርጦ ወጣ። "ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ በቱቦ ለመፍታት ይሞከር ነበር" አለኝ ሐኪሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አክስቴ ስትነቃ የኔን ዓይን አይታ "አብሽሪ ልጄ" አለችኝ። እሷ እኔን!

ማን ነው ጥፋተኛው?

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚሰጡን ስድስት ጥያቄዎች አሉ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። አዝማሚያችን ወደ "ማን" ነው። ሆስፒታል ላይ ሲደርስማ ባሰብን! ነርሷ ገላመጠችኝ፣ ዶክተሩ ሻይ ሊጠጣ ወጣ፣ ካርድ ክፍሏ ስልክ ላይ ነበረች... እኔም በዚያ ምሽት ስም ዝርዝር ይዤ ነበር። ቤት ገብቼ ማስታወሻዬን ሳነበው ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ እንኳ "ይሄ ሰውዬ ባይኖር ኖሮ" የምለው አላገኘሁም። ነርሷን በሌላ ነርስ ብንቀይራት ብልቃጡ ያው ትሪው ላይ ይቀመጥ ነበር። ለዚህ ነው የሆስፒታሉን ስም ያልጠራሁት። ብጠራው እዚያ ብቻ የሆነ ይመስላችኋል።

ሁለት ዓይነት ድርጅት አለ እንበል። አንዱ እንደ ወፍጮ ነው። ሲበላሽ ትፈቱታላችሁ፣ የተሰበረውን ትቀይራላችሁ፣ መልሳችሁ ትገጥማላችሁ፣ ይፈጫል። ሌላው እንደ ገበያ ነው። የመካነ ሰላምን ገበያ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው የለም። ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ደላላው፣ መኪናው፣ ዝናቡ እርስ በርስ እየተጠባበቁ፣ እየተያዩ ይሠሩታል። ገበያ ላይ ችግር ሲመጣ "የተበላሸውን ዕቃ አውጣ" አይሠራም፤ ሰዎቹ መሀል ያለውን ማየት ግድ ነው። የኛ ስህተት ሆስፒታልን እንደ ወፍጮ ማየታችን ነው። ማሽን ይገዛለታል፣ ሕንፃ ይጨመርለታል፣ ሥራ አስኪያጁ ይነሳል። መሀሉ ግን ያው ነው።

መስኮቱ ከሆስፒታሉ ይሰፋል

እውነቱን ለመናገር ኢትዮጵያ ክፍሎቹን በመገንባት የምትታማ አገር አይደለችም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው ወደየቀበሌው ገብተዋል። በወረቀት ላይ መሰላሉ የሚያምር ነው፦ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል። ውጤትም አለው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1997 ከመቶ 5 ነበሩ፣ በ2011 ወደ 48 ደረሱ። ይህ ቀልድ አይደለም።

መሰላል ግን በደረጃዎቹ ብቻ አይለካም። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እግር ሲነሳስ? የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ሰዎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ሦስቱ መዘግየቶች" የሚሉት አለ። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን እስኪያገኙ መዘግየት። ስለ አንደኛው ብዙ ሰብከናል። "ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም" እያልን። የማሻ ሰዎች ግን በዚያ ጠዋት አልዘገዩም። በቃሬዛ ተራራ ወርደው ደረሱ። የዘገየው ግቢው ውስጥ ነው።

መሀሉ ደግሞ የካርድ ክፍል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒትን ውሰዱ። የሚገዛውና የሚያከፋፍለው በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው ድርጅት ነው። ደሴም ቅርንጫፍ አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። ሐኪሙ ደግሞ የሆስፒታሉ ነው። አሁን ደብተሯን ይዛ የመጣች አንዲት መድን ከፋይ አስቡ። መድኑ ከፍሎላታል። ሐኪሙ አዞላታል። ፋርማሲው "የለም፣ ከውጪ ግዢ" ይላታል። ሐኪሙ አልተሳሳተም። መድኑም "አባል አፍርቻለሁ" ብሎ ሪፖርቱን ያቀርባል። አቅራቢውም የተጠየቀውን ልኳል፤ ሆስፒታሉ ዘግይቶ ጠይቆ ከሆነስ? ወይም ለመክፈል ከመድኑ የሚመጣለትን ብር እየጠበቀ ከሆነስ? ሁሉም ከራሱ መስኮት ሲያዩት ልክ ነው። ሴትየዋ ግን ብሯን ከኪሷ አውጥታ ከግል ፋርማሲ ትገዛለች። ወይ አትገዛም።

አንዱ ቦታ ሲሰበር ደግሞ ሌላው ላይ ይጫናል። ጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ሆስፒታሏ ተዘረፈ። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "ወደ ላይ ላክ" የሚለው መሰላል ላዩ ሲጠፋ ምን ይሆናል? ቦረና ያለው ባለሙያ ያው ነው፣ አልጋው ያው ነው፤ የሚልክበት ግን የለውም። በኋላም ሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲቀሰቀስ የተጎዳው ሕንፃና ዕቃ ብቻ አልነበረም። አምቡላንስ የሚያልፍበት መንገድ፣ የሚደወልበት ስልክ... መሀሉ ተጎዳ።

የፌራሪ ልጆችና የማሻ ጎልማሶች

እስቲ ትንሽ ወደ ፈረንጅ አገር ልውሰዳችሁ። ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባል የሕፃናት ሆስፒታል አለ። የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕፃን ከኦፕራሲዮን ክፍል ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲዛወር ብዙ ነገር ይሳሳት ነበር። ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ ሽቦው ይጠላለፋል፣ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። አንድ ቀን የደከማቸው ሐኪሞች ቴሌቪዥን ላይ ፎርሙላ ዋን ሲያዩ ነገሩ በራላቸው። መኪናው ይቆማል፣ ጎማ የሚቀይሩት ሰዎች በሰከንዶች ውስጥ ሳይጋጩ፣ ሳይጯጯሁ ጨርሰው ይለቁታል። ሐኪሞቹ ወደ ፌራሪ ቡድን ሄደው ተማሩ። ማን እንደሚመራ ተወሰነ። መጀመሪያ መሣሪያው፣ ቀጥሎ መረጃው፣ ከዚያ ውይይቱ ተባለ። ጥናቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲታተም ስህተቱ በግልጽ ቀንሶ ነበር።

በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ 9 ሆስፒታሎች ሐኪሞች ተራ ሲቀያየሩ አንድ ሥርዓት ያለው ርክክብ እንዲያደርጉ ተደረገ። የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀነሰ። ሊቀር ይችል የነበረው ጉዳት በ30 በመቶ። አዲስ መድኃኒት አልገባም፣ አዲስ ሕንፃ አልተሠራም። ከሥርዓቱ ክፍሎች አንዱ ምን መሰላችሁ? ተረካቢው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል።

ያ ማለት እኮ... "ያዝኩት" ማለት ነው!

የማሻ ጎልማሶች ጥናት አላነበቡም፣ ፌራሪም አላዩም። ግን ሰው ተሸክሞ ዳገት የወጣ ያውቀዋል። አደጋው ያለው ሸክሙ ትከሻ ላይ ሳለ ሳይሆን ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲያልፍ ነው።

ለወንበር ያለን፣ ለሰው ያጣነው

ርክክብ ለኛ አዲስ ነው እንዳትሉኝ። ማንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብታችሁ አንድ ወንበር ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ልውሰድ በሉ እስቲ። ሞዴል 19 ገቢ፣ ሞዴል 22 ወጪ፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ኮፒው ለፋይል። ወንበሯ ብትጠፋ ማን እጅ ላይ እንደጠፋች ይታወቃል። አክስቴ ግን ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ወደ ሐኪም ስትተላለፍ "ተረክቤአለሁ" ብሎ የፈረመ አልነበረም።

ሕግና መመሪያ ጠፍቶም አይደለም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. የሪፈራል መመሪያ አውጥቷል። ላኪው በሽተኛውን ከመላኩ በፊት እንዲያሳውቅ፣ ተቀባዩ ምላሹን መልሶ እንዲልክ ይላል። የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያዎቹም ላይዘን የሚባል ክፍል አምጥተዋል፤ ሥራው ሪፈርና አልጋ ማገናኘት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ብዙ ጊዜ መሀሉን ለማገናኘት የተፈጠረው ክፍል ራሱ አንድ ተጨማሪ መስኮት ሆኖ ይቀራል። ሌላ ወረፋ ማለት ነው።

ታዲያ መሀሉን ማን ይዞታል? አስታማሚው! የሆስፒታሉን ድርጅታዊ መዋቅር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ሳጥን በሳጥን፣ ቀስት በቀስት። ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ሁሉም አለ። አስታማሚው የለም። ግን ደም የሚያመላልሰው እሱ ነው። ጓንትና ግሉኮስ የሚገዛው እሱ ነው። አንዱ ሐኪም ያለውን ለሌላው የሚያስረዳው እሱ ነው። ደሞዝ የለውም፣ ሥልጠና የለውም፣ ብዙ ጊዜም ማንበብ አይችልም። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ "አስታማሚ ውጡ!" ተብሎ ይባረራል። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

"ችግሩ ገንዘብ ነው" የምትሉኝ አላችሁ። አልክድም። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደሞዛቸው ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ወደው አልነበረም። አንዲት ነርስ ያን ሁሉ በሽተኛ ይዛ ብልቃጥ ይዤ ልሩጥ ብትል ሌላው ይሞትባታል። ስለዚህ "ባለሙያው ይትጋ" የሚል ስብከት የለኝም። በትጋት የሚሞላ ክፍተትም አይደለም፤ እዚያ ኮሪደር ላይ ትጋት ሞልቶ ነበር። የጎደለው ሥራዬ ተብሎ የተያዘ መሀል ነው። ብልቃጥ የሚያመላልስ አንድ ተላላኪ መቅጠር የአንድ ማሽን ዋጋ አይሆንም።

እናም የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በሽተኛ ሲላክ አስቀድሞ ይደወል፣ ስልኩን ያነሳው ሰው ስም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ካርድ አውጥታችኋል?" ከመሆኑ በፊት "ወረቀት ይዛችኋል?" ይሁን። የላከው ጤና ጣቢያ በሽተኛው ምን እንደሆነ ይነገረው። ያ አክስቴን በትክክል የጠረጠረው ባለሙያ እስከዛሬ ልክ እንደነበር የነገረው ሰው ይኖር ይሆን? እኔ እንጃ። ሆስፒታሎችም ስንት ሰው አከምን ብለው ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ በሽተኛው በመስኮትና በመስኮት መሀል ስንት ሰዓት እንደቆየም ይቁጠሩ። የማይቆጠር ነገር የሚያስጨንቀው ሰው የለም።

ለኛ ለጋዜጠኞቹም አንድ አለኝ። ከስድስቱ ጥያቄዎች ላይ ሰባተኛ እንጨምር። "ማን?" ከማለታችን በፊት "በማንና በማን መሀል?" እንበል። ነርሷን ስም ጠርተን ብናዋርዳት ጽሑፉ ይነበብልናል፣ ነርሷ ታለቅሳለች፣ ብልቃጡ ትሪው ላይ ይቀመጣል።

አክስቴ ማሻ ገብታለች። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ እንደ አወራረዷ በቃሬዛ ወጣች። "ምን ይመስል ነበር መንገዱ?" አልኳት በስልክ።

"ኧረ ተይኝ፣ አንዴም አልተንገጫገጭኩ" አለችኝ።